ሳቅ 1,300 ገጽ ያስነብባል

ስለ ልጆች ንባብ በተነሳ ቁጥር የምሟገትለት አንድ ነገር አለኝ፦ የሚያስቅ መጽሐፍ ተራ መጽሐፍ አይደለም። ሥዕል የበዛበት፣ ዘንዶና አውሬ የሚተራመስበት ሲሆን ብዙ ወላጅ «ይህ ደግሞ ምኑ ይነበባል?» ይላል። የእህቴን ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሲመጣ፣ በእንግሊዝኛ ማንበብን ያስወደደው ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው፤ «ቦን» የሚባል፣ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ (ኮሚክ) መጽሐፍ።

ደራሲውም ሠዓሊውም ጄፍ ስሚዝ ነው፤ ያደገው በዚሁ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጥቁርና ነጭ፣ በክፍል በክፍል ራሱ ማሳተም ጀምሮ በ2004 በ55ኛው ክፍል ደመደመው። በአንድ ላይ ሲጠረዝ ከ1,300 ገጽ ያልፋል። ልጅ ይህን ሁሉ ገጽ የሚዘልቀው በሳቅ ጉልበት ነው።

ሳቁ እንዴት እንደተሠራ ተመልከቱ። ፎን ቦን የተባለው ነጭ፣ ባለ ትልቅ አፍንጫ ፍጡር ሁለት ጸጉራም አውሬዎች ሲያሳድዱት ከገደል ዘልሎ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። እዚህ ድረስ የሚከተሉኝ ምን ያህል ጅል ቢሆኑ ነው ብሎ ይጽናናል። ቀጥሎ ባለው ሥዕል ሦስቱም እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለዋል! ለዚህ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። ልጁ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ተመልሶ ቃላቱን ያነባል። በክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚያፍር ልጅ እዚህ አያፍርም።

ከላሞች ጋር በእግሯ የምትሽቀዳደም አያት ቤን የምትባል ብርቱ አሮጊትም አለች። የእህቴ ልጅ እሷን ሲያይ «እማማ፣ ነይ እይ!» ብሎ እናቴን ጠራት። እንግሊዝኛ የማታነበው እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ሥዕሎቹን በጣቷ እየተከተለች ሳቀች። «እንዲህ ያለች ሴት እኛም አገር አለች» አለች።

ቅር የሚለኝ ሳቁን እንደ ማባበያ ብቻ ሲያዩት ነው። ሁለቱ አውሬዎች ፎን ቦንን እንዴት አድርገው እንደሚበሉት ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ በእንቁላልና በቺዝ እንጋግረው ይላል፣ ሌላው በፍጹም አይሆንም ይላል። ወገኖቻቸው በሌሊት ተሰልፈው ሲመጡ ግን ያስፈራሉ። ቶርን የተባለችው ወጣት እውነተኛ ማንነቷ ተደብቆባት እንደኖረ አውቃ አያቷን አያት ቤንን ስትቆጣ፣ ያ ሲንከተከት የነበረ ልጅ ጸጥ ብሎ ያነባል። ያሳቁትን ስለሚወዳቸው ይሳሳላቸዋል።

ባለቀለሙ እትም በዘጠኝ ቅጽ ይገኛል፤ እኛ ያነበብነው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስን ነው። የላሞቹ ውድድር ያለበት ሁለተኛው ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ልጅ ዘንድ ስለሚሆን አስቀድማችሁ ተራ ያዙ።