ጣርማ በር ዳገት ላይ የሚጠፋው ላንድ ክሩዘር

እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራው ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ደብረ ብርሃን የደረሰው ተጎትቶ ነው። ሞተሩ ቱ ኤፍ (2F) የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቤንዚን በል ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፤ ሜዳ ላይም ምንም አይለው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ዳገቱን ሲያያዝ ግን ደብረ ሲናን እንዳለፈ ማስነጠስ ይጀምርና የጣርማ በር ዋሻ ሳይደርስ ጥፍት ይላል። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ የቤንዚን ፖምፓው ላይ ከጀሪካን ውሃ ያፈስበታል፤ ጥቂት ሲጠብቅ ይነሣል። ውሃው ስለሚሠራለትም "ፖምፓው ደክሟል፣ ትልቅ ይገጠምልኝ" ሲል ከረመ።

ቀድሞ ያየው ጋራዥ ደግሞ እሺ ብሎ የኢንጀክሽን መኪና ኤሌክትሪክ ፖምፓ ገጠመለት። እንዲህ ያለው ፖምፓ 3 ባር ገደማ ይገፋል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡራቶር መዝጊያ መርፌ ግን ከ0.3 ባር ብዙ ካለፈ መዝጋት አይችልም። ቤንዚኑ መርፌውን ከመቀመጫው እያነሣ ወደ ሲሊንደር ፈሰሰ። መኪናው ሲመጣ ካንዴላዎቹ (እሳት ሰጪዎቹ) ጥላሸት ለብሰው ነበር። የዘይት መለኪያው ሲመዘዝ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ ቀጥኖ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በዚህ ዘይት ጭነት ይዞ ዳገት መውጣት ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) ማስበላት ነው። ሌላው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ተቀየሩ።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። መኪናው ቆላ ላይ የጋለ ሞተር ይዞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ 70 በመቶ ወደሚወርድበት ቦታ ይወጣል፤ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። የቱ ኤፍ ሜካኒካል ፖምፓ የታሰረው ሞተሩ አካል ላይ ነው። ቤንዚኑን ከሩቅ እየመጠጠ ስለሚያመጣ መምጠጫው መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየርም ያንሳል። እንፋሎቱ መጀመሪያ የሚፈጠረው እዚያ ነው፤ ፖምፓው እንፋሎት ጨብጦ በባዶ ይመታል። በዚህ መኪና ላይ የባሰው ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ከወንበር ሥር ወጥቶ ወደ ኋላ ሻሲ መዛወሩ ነው። መስመሩ ረዘመ፤ አልፎ ተርፎም ከማርሚታው (ከጭስ ድምፅ ማፈኛው) ጎን ለጎን፣ ሁለት ጣት በማትሞላ ርቀት ተዘርግቷል። እዚህ ላይ የፖምፓ ጉልበት መጨመር ምን ይፈይዳል?

ወደ ፖምፓ ከመሄድ በፊት ሁለት ነገር ተፈተሸ። የሰልባትዮው ክዳን ሲከፈት አየር ሲስብ "ፍስስ" ካለ መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው፤ ይኼ አላለም። መምጠጫው መስመር ላይ ለሙከራ ብቻ ግልጽ ቱቦ ገብቶ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አረፋ ቢታይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ እሱም አልታየም። አረፋው የመጣው ሞተሩ ሲግል ነው።

የተገጠመው ለካርቡራቶር የተሠራ፣ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር የሚገፋ ኤሌክትሪክ ፖምፓ ነው። ቦታው ሰልባትዮው አጠገብ፣ ከታችኛው የቤንዚን ከፍታ ዝቅ ብሎ፣ በጎማ ማረፊያ ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ፖምፓ መግፋት እንጂ መምጠጥ አይሆንለትም። ከፊቱ ዝገት የሚይዝ ሻካራ ፊልትሮ፣ ከካርቡራቶሩ በፊት ደግሞ ደቃቁ ገባ። መስመሩ 8 ሚሊ የብረት ቱቦ ሆኖ በሻሲው ሌላኛው ወገን ዞረ፤ ጎማ ያለው መጋጠሚያዎቹ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ለቤንዚን የተሠራ። የውሃ ጎማ በቤንዚን አብጦ ይፈርሳል።

አሮጌውን ሜካኒካል ፖምፓ "መጠባበቂያ ይሁን" ብሎ በመስመሩ ላይ መተው የተለመደ ነው፤ አደገኛም ነው። ውስጡ ያለው መምቻ ሸራ የተቀደደ ዕለት ኤሌክትሪኩ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይገፋዋል። ስለዚህ ተነሥቶ ቀዳዳው በ5 ሚሊ ላሜራና በጓርኒሲዮን (በማሸጊያ) ተዘጋ።

ትልቁ ለውጥ ግን መመለሻው ነው። ካርቡራቶሩ አጠገብ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) ገብቶ 6 ሚሊ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው አናት ተመለሰ፤ የቲው መመለሻ አፍ 1.5 ሚሊ ቀዳዳ ባለው ናስ ጠበበ። ቀዳዳው ካልጠበበ ቤንዚኑ ሁሉ ይመለስና ካርቡራቶሩ ይራባል። ቤንዚኑ እየዞረ ስለሚቀዘቅዝ ጋለው ሞተር ላይ ቆሞ አይፈላም፤ እንፋሎት ቢፈጠርም መውጫ አለው። ቱ ኤፍ ላይ ካርቡራቶሩ የተቀመጠው ከጭስ ማውጫው በላይ ስለሆነ በመካከላቸው የአሉሚኒየም መከለያ ተጨመረ።

ኤሌክትሪኩ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) እና በ10 አምፔር ፊውዝ ይሄዳል። የሪሌው ትእዛዝ የሚመጣው ባለ ሦስት እግር የዘይት ግፊት ስዊች በኩል ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ወይም መኪናው ተገልብጦ የዘይት ግፊት ከወረደ ቁልፉ በርቶ ቢሆንም ፖምፓው ይቆማል። ለማስነሻ ከሞተሪኖው (ከሞተር ማስነሻው) ትእዛዝ ሽቦ ይወስዳል። ባለ ሁለት እግር ስዊች ገዝቶ የስዊቹንና የሞተሪኖውን ሽቦ አንድ ላይ ማሰር ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ የዘይት ግፊት ሲመጣ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ዞሮ ሞተሪኖው አልለቅ ይላል።

ሲለካ ካርቡራቶሩ ጋ 0.22 ባር፣ መስመሩ ተፈትቶ ወደ ጀሪካን ሲቀዳ በደቂቃ ከአንድ ሊትር በላይ ሰጠ። ቱ ኤፍ ሙሉ ጋዝ ተረግጦም በሰዓት ከ40 ሊትር ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ ይበቃል። በካርቡራቶሩ መስተዋት የሚታየው ቤንዚን መካከለኛዋ ነጥብ ላይ ቆመ። ሙከራው ከሰዓት፣ በሙሉ ጭነት፣ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ሆነ፤ ዋሻውን ሳይጠፋ አለፈ። አናቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ይታያል። እሱ የጂግለር (የካርቡራቶሩ ቤንዚን መጣኝ ቀዳዳ) ጉዳይ ነው፤ አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑ በዝቷል።

አዲስ ፖምፓ የአሮጌ ሰልባትዮ ዝገት ያነቃንቃልና ሻካራው ፊልትሮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ይሞላል። ሹፌሩ አንድ ትርፍ ፊልትሮና ጠመንጃ መፍቻ ዳሽቦርዱ ውስጥ ይዞ ወጣ፤ የቱቦ ማሰሪያዎቹንም ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም አንዴ ደግሞ እንዲያጠብቅ ተነግሮታል።