መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ጠይቁኝ

ደሴ ውስጥ መኪናዬን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሽማግሌዎች ኮፋኖውን እንደ በሬ ታፋ መታ መታ ያደርጉታል። ልጆች ከኋላው ይንጠለጠላሉ። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «እትዬ፣ ይሄ ሐረጎን ይወጣል?» ይወጣል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ይህን ዳገት በሳምንት አምስት ቀን ይወጣል። «ይወርዳል?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም፤ ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ነበር።

መኪናው ላንድሮቨር ነው፤ ረጅሙ፣ ቤንዚን ጠጪው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ይሠራ ከነበረው ከሦስተኛው ሲሪዝ። የእኔው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ በዕድሜ ይበልጠኛል። አባቴ በ1986 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት ያወጣውን ጨረታ አሸንፎ ሲያመጣው በሮቹ ላይ በግማሽ የተፋቀ ጽሑፍ ነበረበት። እናቴ «ቤት የምንሠራበትን ገንዘብ ብረት ገዛህበት» አለችው። እሱም «ብረት አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው» ብሎ መለሰላት። እውነቱን ነበር። እንግሊዞች ላንድሮቨርን እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀምሩት ከጦርነቱ ማግስት ብረት የሚታደለው በራሽን ስለነበር አካሉን በአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት፤ ልማዱም በዚያው ቀረ። ስለዚህ የእኔ መኪና ላሜራ አይዝግም። የሚዝገው ከሥር ያለው ሻንሲና ከፊት መስታወቱ በታች ያለው ግድግዳ ነው፤ ማለትም ገዢ ጎንበስ ብሎ የማያየው ቦታ ሁሉ። አባቴ ሲሞት መኪናው ለእኔ ደረሰ። ወንድሜ ያን ጊዜ ሊሸጠው ፈልጎ ነበር፤ አሁንም ይፈልጋል።

ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፤ የአንድ እህል መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነገሩ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው። ጠዋት ጋቢ ለብሼ እነሳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስገባ ጋቢውን አውልቄ ከመስታወቱ ሥር ያሉትን ሁለት የአየር መክደኛዎች እከፍታለሁ። ከእነሱ ሌላ ማቀዝቀዣ የለኝም። ከነፋሱ ጋር አቧራ ይገባል፣ በወቅቱ ደግሞ ፌንጣ። በዝናብ ቀን መክደኛዎቹ ተዘግተውም ያንጠባጥባሉ፤ ክረምቱን በሙሉ ቢሮ የምገባው በአንድ እርጥብ እግር ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጦሳ ተራራ ሥር ያደረ መኪና በቀላሉ አይነሳም። የአየሩን መዝጊያ ሽቦ ስቤ፣ ነዳጁን ሁለት ጊዜ ረግጬ፣ ቁልፉን አዞራለሁ። ሞተሪኖው አቃስቶ ዝም ካለ ከመቀመጫው ኋላ ሞተሩን በእጅ የሚያዞረውን ብረት፣ ማኖቬላውን አወጣለሁ። አያያዙን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ አውራ ጣት እንደ ሌሎቹ ጣቶች በአንድ ወገን ይሆናል እንጂ ብረቱን ጠምዝዞ አይያዝም፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ አውራ ጣትን ይሰብራልና። ሁልጊዜም ወደ ላይ መሳብ ነው፣ ወደ ታች መግፋት አይደለም። ጎረቤቶቼ አንዲት ሴት ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የመኪና ሞተር በእጇ ስታዞር ማየቱን ለምደውታል። የሚያግዘኝ አላጣም፤ ግን አውራ ጣታቸውን አይቼ ነው የምፈቅደው።

ያ ማኖቬላ አንድ ጊዜ ውለታ ውሎልኛል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቤንዚን ስላልነበረኝ መኪናውን ግቢ ውስጥ ትተን በእግራችን ወጣን። ስንመለስ ባትሪው፣ ክሪኩና አንድ ጎማ የሉም። መኪናው ግን አለ። ምናልባት አሮጌ ነው ብለው ናቁት፣ ምናልባትም አልነሳ አላቸው። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ የመኪና ባትሪ ማግኘት የሚታሰብ አልነበረም። አንድ የሰፈራችን ልጅ የባጃጁን ባትሪ አወጣልኝ። ሞተሪኖ ለማዞር ጉልበት የለውም፤ ለካንዴላው እሳት ለመስጠት ግን ያቺ ትንሽ ባትሪ ትበቃለች። ማዞሩን እኛ በማኖቬላ አዞርንለት። በአራተኛው ተነሣ። ልጁ እስከ ዛሬ መኪናውን ሲያይ «የእኔ ባትሪ» ነው የሚለው።

መካኒኬ ኮምቦልቻ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው፤ የማያወሩበት ቀን ብዙ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ካርቡራተሩን እሳቸው ጋር አስተካክዬ ደሴ ስገባ መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጠዋት ደግሞ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ አገኘዋለሁ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው «የት ነው የምታሳድሪው?» አሉኝ። ደሴ አልኳቸው። ሳቁ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ያንኑ ያህል ቤንዚን ያፈሳል፣ ስለዚህ ለቆላው የተስተካከለ ሞተር ደጋ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል። አንድ እሑድ ደሴ ድረስ መጥተው እዚሁ ግቢዬ ውስጥ በጆሮአቸው አስተካከሉት። ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ይስላል፣ ጠዋት ግን ይነሳል። ጉልበቱን ግን ማንም አይመልስለትም። አዲስ ሳለ ሰባ ፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው ሞተር በእኛ ከፍታ አንድ አራተኛውን ለሳሳው አየር ይገብራል። ስለዚህ ሐረጎን የምወጣው በሦስተኛ ማርሽ፣ ሲጫንብኝ በሁለተኛ ነው። ሚኒባሶቹ ጥሩምባ እያሰሙ ያልፉኛል። ይለፉ።

ሐረጎ ላይ መንገዱ ተራራውን በአንድ ወገን፣ ገደሉን በሌላው ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ክረምት ላይ ጉሙ ሲተኛበት ከፊት ያለው ከባድ መኪና ከመብራቱ ቀድሞ በፍሬኑ ሽታ ይታወቃል። የእኔ መኪና ሰውና ዕቃ ሲይዝ ከሁለት ቶን ይበልጣል፤ የአራቱም ጎማ ፍሬን ታምቡር ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ፣ ከውስጥ የፍሬን ሸራ ተጭኖ የሚያቆመው። ታምቡር ሙቀቱን ውስጡ አፍኖ ይይዛል። ሲግል ይሰፋል፣ ሸራውም ይርቀዋል፤ ሸራው ራሱ ከልክ በላይ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። እግራችሁ ይሰምጣል፣ መኪናው ይሄዳል። ለዚህ አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፤ «በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ።» በሦስተኛ የወጣሁትን በሦስተኛ እወርዳለሁ፣ የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ፍሬን የሚረገጠው አጠር ባለ ጊዜ፣ ከመታጠፊያው በፊት ነው። ይህን ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማወቄ ግን አልጠቀመኝም።

ሐምሌ መጀመሪያ ነበር፤ የበጀት ዓመት ተዘግቶ የመጋዘን ቆጠራ የሚጀመርበት ቀን። አርፍጃለሁ፤ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼን ጭኛለሁ፤ ከፊቴ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ይወርዳል። እሱን ለማለፍ ስል ማርሹን አራተኛ ላይ ትቼ በፍሬን እየተጫወትኩ ተከተልኩት። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንዲህ ወረድኩ። የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ፤ የሲኖትራኩ ነው ብዬ አማሁት። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ፤ ቀጥሎ ወለሉን ነካ። ከኋላ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ታወራ ነበር፤ አላቋረጥኳትም። ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ነዳጅ ሰጥቼ ሦስተኛ አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ። ሁለተኛ አስገባሁ። መኪናው እንደ ተቆጣ በቅሎ ተንገራገጨ፤ ያኔ ወሬው ቆመ። ወደ ተራራው በኩል ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ ግራና ቀኝ ጎማዬን ጠጠሩ ውስጥ አስገብቼ አቆምኩት።

ልጆች ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ በጀሪካን ውኃ ይዘው ደረሱ፤ ጎማው ሲጨስ አይተዋል። እንዳያፈሱ ለመንኳቸው። በጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን መሰንጠቅ ነው። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ልጆቹን ገለል አድርገው ከጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ ደገፉልኝ። ደግ አደረጉ። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነውና፣ ቁልቁለት ላይ ለብቻው አላምነውም።

«አብሽሪ ልጄ፣ ይበርዳል» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ።»

ወደ መንገዱ አየት አድርገው «እዚህ ቦታ ስንቱ ሹፌር አርፏል መሰለሽ» አሉ። በየትኛው ትርጉሙ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ። ከመሄዳችን በፊት ድንጋዩን አንሥቼ መኪናው ውስጥ ጫንኩት፤ ደገፍ አድርጎ ትቶት የሚሄድ ሹፌር ማታ ለሚመጣው ሌላ ሰው ምን እንዳዘጋጀ አያውቅም። እስከ ዛሬ ከመቀመጫው ሥር አለ። ከክሪኩ ይልቅ እሱ ነው የሚያገለግለኝ። በዚያው ሳምንት ጋሼ ታምቡሮቹን አውርደው አሳዩኝ፤ ሁለቱ ሸራዎች እንደ ብርጭቆ አብረቅርቀዋል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ልኬ ጎሚኒዎቹን አስመጣሁ፤ ሸራውን እዚሁ በሪቬት አስመታሁ። ጋሼ አልተቆጡኝም። «አባትሽ ቢያይ» ብቻ አሉ።

ዓመታዊ ምርመራውንም ያልፋል፤ ቦሎውን በየዓመቱ እለጥፋለሁ። ፍሬኑን የሚፈትኑት ግን ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ማን ይወድቃል?

አራቱን ጎማ የሚያሠራውን ነገር ሰዎች ሲጠይቁኝ ደግሞ አዝናለሁ፤ ጥሩ መልስ የለኝም። ወለሉ ላይ ባለ ቢጫ እጀታ አንድ፣ ባለ ቀይ እጀታ ሌላ ማርሽ አለ። ቢጫው ወደ ታች ሲጫን የፊቱን ጎማዎች ያስገባል፤ ቀዩ ወደ ኋላ ሲሳብ ከባዱን፣ የኤሊውን ማርሽ ያመጣል። በደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱም አይነኩም፤ የፊቱና የኋላው ጎማ መታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይዞሩ ማርሾቹ እርስ በርስ ይታነቃሉ። እኔ ደግሞ ከአስፋልት አልወርድም ማለት ይቻላል። ቀዩን የማስታውሰው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የእናቴ ወገን ዘንድ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር፣ ጥቁሩ አፈር በዝናብ ሲላቁጥ ነው። ያን ቀን ብቻ ወንድሜ መኪናውን ይወደዋል፤ ሌላው በእግሩ ጭቃውን እየረገጠ እሱ በመስኮት ሰላም ይላል።

ወጪውን አልደብቅም። በሊትር አምስት ኪሎ ሜትር፣ ቀኑ ከቀናው ስድስት ይሄዳል፤ አንዱ ሊትር ከመቶ ብር ካለፈ ቆይቷል። ሰልፉ ላይ የማጠፋው ሰዓት አልተቆጠረም፤ ሰልፉ ላይ ሳለሁ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ በቴሌብር መክፈል ያቃተኝም ቀን አለ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ደብተር ይዤ ነበር፤ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አቆምኩት። ደብተሩ ትክክል ነው፣ እኔ ነኝ ያልተስማማሁት።

በዚህ ወር መጀመሪያ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገዢ አመጣ። ነዳጅ የሚጠቀም የግል መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ፈላጊ በዝቷል፤ ይኸኛው ግን ለመንዳት ሳይሆን ቀለም ቀብቶ ለማሳየት ነው የሚፈልገው። ትሑት ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ሻንሲውን አየ፣ ስለዚህ አከበርኩት። ዋጋም ጥሩ ጠራ። ቅዳሜ ጠዋት ልሞክረው ሲል «እኔ ልንዳ፣ አንተ ተቀመጥ» ብዬ ወደ ኮምቦልቻ ይዤው ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ሦስተኛ አስገብቼ፣ እግሬን ከፍሬኑ አንሥቼ፣ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንንፏቀቃለን። ሞተሩ ያጉረመርማል። ከኋላችን ሦስት ሚኒባስና አንድ አውቶቡስ ጥሩምባ ያሰማሉ። ሰውየው ወደ ኋላ ዞሮ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ቀስ ብሎም «ከዚህ በላይ አይሄድም እንዴ?» አለኝ።

«ይሄዳል» አልኩት። «ከዚያ በኋላ አይቆምም እንጂ።»

ኮምቦልቻ ቡና ጋበዝኩት። ወደ ደሴ የተመለሰው በሚኒባስ ነው።