ከውርጭ ወደ ዛንዚባር፦ የሻንጣዬ ጉድ

በጥር ወር፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ለዛንዚባር፣ ለታንዛኒያዋ ሞቃት ደሴት፣ ሻንጣ ማዘጋጀት ከባድ ነው። ውጭ ሳሩ ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኗል። እጄን ቆፈን ይዞታል። እንዲህ ሆኖ ስለ ዋና ልብስ ማን ያስባል? መጀመሪያ አጣጥፌ የከተትኩት ሁለት ሹራብ ነበር። ልማድ ነው መቼስ።

አክስቴ ሸዋ ሮቢት ነው የምትኖረው። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስንንቀጠቀጥ እሷ 1,300 ገደማ ላይ በር ከፍታ ትተኛለች። ሙቀት የምታውቅ እሷ ናት ብዬ ደወልኩላት። «ጣርማበርን አልፈሽ የምታወልቂውን ሁሉ ቤትሽ ተይው» አለችኝ። ዋሻውን ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መጀመሪያ ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ካልሲም ያስጠላል። በዚህ ስሌት ሻንጣዬ ግማሽ ሆነ። ሁለት ሰፋፊ የጥጥ ቀሚስ፣ ቲሸርት፣ ቀጭን ሱሪ፣ ኮፍያ፣ ሰንስክሪን። የዋና ልብስ ሁለት ያዝኩ፤ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ይለበሳል። ጂንስ አልያዝኩም። በላብ ይጣበቃል፣ ከራሰ ደግሞ እንኳን በአንድ ቀን በሁለት ቀንም አይደርቅም። ጃኬቱን ግን ለብሼ ወጣሁ፣ ሌሊት ነዋ መንገዱ። አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ጋ ጥዬው በረርኩ።

ወረቀቱን ባጭሩ ልናገር። ከእኛ አገር የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ዛንዚባር ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባን እንግዳ የራሷን የጉዞ መድን በ44 ዶላር ታስገዛለች። በኢንተርኔት አስቀድሞ መጨረስ ይቻላል።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም። «ጨው ያለበት ውኃ ፀጉርሽን ያደርቀዋል» ብላ ግን ለጋ ቅቤ አዘጋጀችልኝ። በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ። ታንዛኒያ ከግንቦት 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስታል መከልከሏን አንብቤያለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ፈትቼ አወጣኋቸው። ቅቤው እንደሆነ ድንጋይ ነው፣ የት ይሄዳል? ብዬ ከቀሚሶቼ መሀል ሸጎጥኩት።

ጃምቢያኒ የምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ሆቴሌ ደርሼ ሻንጣውን ስከፍተው ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ቅቤው እንደ ዘይት ቀልጦ፣ በክዳኑ ጠርዝ ሾልኮ ወጥቷል። ነጩ ቀሚሴ ከወገቡ እስከ ታች ቢጫ ሆኗል። በፍል ውኃና በልብስ ሳሙና ሦስቴ አጠብኩት። ቢጫው ለቀቀ፣ ሽታው ግን እምቢ አለ። ሳምንቱን ሙሉ የበዓል ዋዜማ ማድቤት ሸተትኩ። ዚፕ ያለው የመዋቢያ ዕቃ መያዣ ፕላስቲክ እንደማይከለከል በኋላ ሰማሁ። ፀጉሬ ግን እውነትም ደረቀ።

ያልያዝኳቸው ነገሮች ደግሞ ሁለት ናቸው። አንደኛው አዳፕተር። እዚያ ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ የእንግሊዝ ዓይነት ነው፣ የኔ ቻርጀር ሁለት ክብ ጥርስ። ተውሼ ዋልኩ። ሁለተኛው ጫማ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሸሻል፣ ሰው በእግሩ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔም ባዶ እግሬን ገባሁ። የባሕር አረም የምትሰበስብ ሴትዮ በስዋሂሊ ጮኸችብኝና እግሬ ሥር አመለከተችኝ። ከአውራ ጣቴ አንድ ስንዝር ላይ ጥቁር ኳስ የሚያህል ነገር አለ፤ ዙሪያውን እንደ ጃርት እሾህ። ከተወጋ እሾሁ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። እሷ አሮጌ ሸራ ጫማ አድርጋለች። ያኔ ነው ኮንጎ ጫማ ትዝ ያለኝ። ላስቲክ ነው፣ ውኃ አይፈራ፣ ጭቃ አይፈራ። እኛ ገበያ ሞልቶ የለ! ለዚህ ቦታ ከኮንጎ የተሻለ አላየሁም፤ የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅብኝ።

ነጠላዬን ግን አመሰገንኳት። ስቶን ታውን፣ የዛንዚባር አሮጌው ከተማ፣ ሙስሊም ይበዛበታል፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ጨዋነት ነው። ገበያ ስሄድ አጣፋታለሁ፣ ባሕር ዳር አነጥፋታለሁ፣ ከውኃ ስወጣ እጠቀለልባታለሁ። አውሮፕላን ውስጥ ሲበርደኝም እሷው ናት።

ስመለስ ለእናቴ አንድ ጠርሙስ የኮኮናት ዘይት ገዛሁ፣ ለፀጉር። እዚያ እንደ ውኃ ይንቦጫቦጭ ነበር። ይሄ ዘይት ግን ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል። ደብረ ብርሃን ደርሼ በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጠርሙሱን ከፍታ ገለበጠችው። ጠብ አላለም። ቂጡን መታ መታ አደረገችው። ምንም። ወደ መስኮቱ ይዛ ሄዳ ትኩር ብላ አየችው።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ያመጣሽልኝ ቅቤ ነው?»

ወስዳ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው።