ሚዛኑ 78 ላይ ተቸክሎ ቀረ

ከ86 ኪሎ ተነስቼ 78 ስደርስ ዓለም የኔ የሆነች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ጂም አልቀረሁም፣ ስኳር ትቻለሁ፣ እንጀራዬም አንድ ብቻ ናት። ታዲያ ምን ጎደለ?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚዛኑን ነው (ባትሪ ሁሉ ቀይሬለታለሁ)። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለው ካሎሪም አብሮ ይቀንሳል፤ በ86 ኪሎ ያከሳኝ ምግብ 78 ላይ ልክ የሚበቃኝ ሆኖ አረፈው። በዚያ ላይ ጾም ገብቶ ነበርና "የጾም ምግብ ምን ያወፍራል" እያልኩ ሽሮውን ያለ ሐሳብ ነበር የምበላው። አንድ ቀን ራሴ ስሠራ ዘይቱን ለካሁት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፣ እኔ ደግሞ ለብቻዬ ለምበላው ወጥ አራት ማንኪያ ስጨምር ኖሬያለሁ!

ሽንኩርቱን በውሃ ማቁላላት ጀመርኩ፣ ዘይት አንድ ማንኪያ ብቻ። እናቴ ቀምሳ "ይሄ ወጥ ነው የበሽተኛ ሾርባ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጣዕሙ ይቀንሳል። ጂም ውስጥም ሩጫውን ቀነስ አድርጌ ክብደት ማንሳት ጨመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ 77.2 አለ። ቀበቶዬ ግን ከሱ ቀድሞ አንድ ቀዳዳ ገብቶ ነበር።