ሳይፈልገኝ የነከሰኝ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድብር ብሎኛል። በዚያ ላይ ወገቤ ያሳክከኛል። የሱሪዬ ላስቲክ ባረፈበት መስመር ላይ ቀያይ ሽፍታዎች ዙሪያዬን ተሰልፈዋል። ካልሲዬ የሚያልቅበት ቦታም እንደዚያው። በአንድ እጄ እየጻፍኩ በሌላው አንዷን ጠርዝ ጠርዟን እየዳሰስኩ ነው። ማከክ የለብኝም። አላከክኩም፣ ዳሰስኩ ነው ያልኩት።

ሣሩ ላይ የተቀመጥነው ትናንት ነው። ማታ ስተኛ ምንም አልነበረኝም። ቺገር የሚሉት የሣር ቅንቅን ነገረ ሥራው እንዲህ ነው። ሲነክስ አይሰማም። ማሳከኩ ከሰዓታት በኋላ ይጀምርና በማግስቱ ይብሳል። ነካሹ ደግሞ ገና እጭ ነው፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ባለ 6 እግር። አድጎ 8 እግር ሲያወጣ ሰው መንከስ ይተውና የነፍሳት እንቁላል እየለቀመ ይኖራል። ክፋቱ በልጅነቱ ብቻ ነው። (የማውቃቸው ሰዎች በተቃራኒው ናቸው።)

አብሮኝ የነበረው ልጅ አጭር ሱሪ ለብሶ አጠገቤ ተንጋልሎ ነበር። ምንም አልነካውም። ቅንቅኖቹ ተሰብስበው ስለሚኖሩ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሊያመልጥ ይችላል። ዕድል ነው እንግዲህ።

ታላቄ ስደውልላት «ጥፍር ቀለም ቀቢው፣ ታፍኖ ይሞታል» አለችኝ። ማን ነው የሚታፈነው? ቆዳ ውስጥ አይገባም እኮ! ላይ ላዩን ተጣብቆ ነው የሚበላው፤ እኛ ማከክ ስንጀምር አብዛኛውን ጊዜ ተራግፎ ሄዷል። የሚያሳክከው ምራቁ ነው። በሳሙና ታጠብኩ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዝኩበት፣ ማሳከክ የሚያስታግሰውን 1 በመቶ የሃይድሮኮርቲሶን ቅባት ቀባሁ። ካላሚን ሎሽንም ይሆናል። እንቅልፍ ከነሳኝ የአለርጂ ክኒን አለ። ከመገለ ወይም ትኩሳት ካመጣ ግን ሐኪም ጋ ነው። በቀጣዩ ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ ቆዳዬን ዲት የሚባለውን የነፍሳት ማባረሪያ ተቀብቼ፣ ልብሴን ፐርሜትሪን የሚባለውን ፀረ ነፍሳት ነፍቼ ነው የምወጣው። ፐርሜትሪን ቆዳ ላይ አይደረግም። እንደተመለስኩ ገላዬን መታጠብ፣ ልብሱን በሙቅ ውሃ። የሚያየኝ ወደ ጦር ሜዳ የምሄድ ይመስለዋል።

ግን እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ፍጡር እኔን አልፈለገኝም። የሚፈልገው አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊት ነው። እነሱ ላይ ለቀናት ተደላድሎ ይበላል፣ ጠግቦ ይወርዳል። ሰው ላይ ሲወጣ ተሳስቶ ነው። ደም እንኳ አይመጥም፤ ቆዳን በምራቁ እያሟሟ ነው የሚጠጣው። እኔ ላይ ያንንም በወጉ ሳይጨርስ ታክኮ ወደቀ። እሱ አልጠገበ፣ እኔ አልተኛሁ። ማን ተጠቀመ?

አንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በስህተት የደረሰኝ መልእክት ትዝ አለኝ። ለሌላ ሰው የተጻፈ፣ ግን ስለ እኔ። ደውሎ ሲርበተበት ስቄ «ኧረ ችግር የለም» አልኩት። እውነትም ያን ዕለት ምንም አልነበረም። በማግስቱ ነው የጀመረኝ። እስካሁንም ሳስበው ለእኔ ታስቦ ቢጻፍ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። ቢያንስ አስቦኝ ነበር ማለት ነው፣ ፊት ለፊት እንነጋገር ነበር። እንዲህ ያለውን ግን ምን ትይዋለሽ? ማንን ትቆጫለሽ?

ታላቄ ይህን ሁሉ ሰምታ «የተናደድሽው ስለነከሰሽ ነው ወይስ ስላልፈለገሽ?» አለችኝ። ስለ ቅንቅኑ ይሁን ስለ ሰውዬው አልጠየቅኳትም። ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። አሁን እኔ በእንሽላሊት ቀናሁ ማለት ነው?