ከአቢንግደን እስከ ደብረ ብርሃን፦ የአንዲት ኤም ጂ መኪና የባለቤትነት ታሪክ

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ቤተሰባችን በሚኖርበት ግቢ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ አገር አቢንግደን በተባለች ከተማ የተሠራች አንዲት ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ መኪና አለች። ዛሬም ዓመታዊ ምርመራዋን አልፋ ቦሎ ትለጥፋለች፤ ሞተሯ፣ ካምቢዮዋና የኋላ አክስሏ ከፋብሪካ ይዛቸው የወጣቻቸው ናቸው። ሊያያት የሚመጣ ሰው ቀለሟንና ቅርጿን ማድነቁ አይቀርም፤ እኔ ግን ኮፈኗን ከመክፈቴ በፊት የማስቀድመው ከሊብሬዋ ጋር የተቀመጠውን ወፍራም ፋይል ነው። አሮጌ መኪና በደንብ ተይዟል ለማለት፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገለት የሚመሰክር ጽሑፍ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ቀለም በሳምንት ይቀባል፤ የሃምሳ ዓመት ማስረጃ ግን የሃምሳ ዓመት ትጋት ይጠይቃል።

ኤም ጂ ቢ በዘመኗ ብርቅ መኪና አልነበረችም። ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከ500,000 በላይ ተሠርታለች፤ በስፖርት መኪና ታሪክ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ጣሪያዋ የሚገለጠው ዓይነት ቀድሞ ወጣ፤ የእኛ ዓይነቷ ጂ ቲ፣ የጣሊያኑ የፒኒንፋሪና ድርጅት በጣሪያዋ ንድፍ ላይ ተሳትፎ፣ በ1965 ተከተለች። 1,798 ሲሲ የሆነው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ኤስ ዩ በተባሉ፣ ቤንዚንና አየር በሚደባልቁ ሁለት ካርቡራተሮች ይመገባል፤ ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት 95 የፈረስ ጉልበት ነው። ዲዛይኑ ቀላል፣ ብረቱ ጠንካራ፣ ሁሉም ነገሩ በእጅ የሚደረስበት ነው። ይህች መኪና በተራ መፍቻና በታጋሽ መካኒክ እጅ ለዚህን ያህል ዘመን የኖረችው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ታሪኳ የሚጀምረው ከሻንሲ ቁጥሯ ነው። ቁጥሩ ጂ ኤች ዲ 3 ኤል ብሎ ይነሣል፤ የመጀመሪያው ፊደል ኤም ጂ መሆኗን፣ ሁለተኛው የሞተሩን መጠን ክልል፣ ሦስተኛው ባለ ጣሪያ ጂ ቲ መሆኗን፣ ሦስት ቁጥር የመጀመሪያው ተከታታይ መሆኗን፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ መሪዋ በግራ መሆኑን ያመለክታል። መሪዋ በግራ መሆኑ ተገቢ ነበር፤ ኢትዮጵያ በሰኔ 1956 ዓ.ም. ተሽከርካሪ ከመንገዱ በስተግራ የሚሄድበትን ሥርዓት ትታ ወደ ቀኝ ዞራ ነበርና። ቁጥሩን ይዤ በጌይደን ወደሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም መዝገብ ቤት በጻፍሁ ጊዜ የፋብሪካውን መዝገብ ገልብጠው የምስክር ወረቀት ላኩልኝ። የሞተሩ ቁጥር በሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር አንድ ሆነ። ቀለሟ ግን አስገረመን፤ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ቀይ መሆኗን ስናውቅ፣ መዝገቡ የሚለው ኦልድ ኢንግሊሽ ዋይት የሚባለውን ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ነው። የወለሉን ምንጣፍ አንሥተን ከባትሪዎቹ ማስቀመጫ ሥር ስናይ ያው ነጭ ቀለም ሳይነካ ቆይቶ አገኘነው።

በፋይሉ ውስጥ ከሁሉ የማከብረው ወረቀት በ1959 ዓ.ም. በአሰብ ወደብ የተቆረጠው የጉምሩክ ደረሰኝ ነው። በዚያን ዘመን ከአሰብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ባስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ በደብረ ብርሃን የሚያልፍ ነበር። እንግዲህ መኪናዋ በጎማዋ እየሄደችም ሆነ በጭነት መኪና ላይ ተጭና፣ ኋላ መኖሪያዋ የሆነችውን ከተማ በመጀመሪያ ጉዞዋ አቋርጣታለች ማለት ነው።

የመጀመሪያ ባለቤቷ በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ነው። ከእርሱ ዘመን የቀሩት ወረቀቶች ጥቂት ቢሆኑም ጥሩ ናቸው፤ የዘይት ለውጥና የፍሬን ሥራ ደረሰኞች፣ እንዲሁም ከፋብሪካው የመጣችው የአያያዝ መመሪያ መጽሐፍ። በ1964 ዓ.ም. ለአንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ሸጦ ወጣ። በነጋዴው እጅ ሰባት ዓመት ቆየች፤ ወደ ቀይ የተቀየረችውም በዚያ ዘመን ሳይሆን አይቀርም። ሦስተኛው ባለቤት በ1971 ዓ.ም. የገዛት አጎቴ ነው።

ጋሼ የመንገድ ሥራ ማሽኖች መካኒክ ነበር። ብዙ ሰው መኪና መሸጥ እንጂ መግዛት በማያስብበት፣ ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ስፖርት መኪና መግዛቱን ዘመዶቹ አልወደዱለትም ነበር። እርሱ ግን በገዛት ሳምንት አንድ የተማሪ ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ ዐይኑ እስኪደክም ድረስም አላቋረጠም። አጻጻፉ አጭርና ጥርት ያለ ነው፦ «የግራ የኋላ ፍሬን ሲሊንደር ተቀየረ፤ አሮጌው በሣጥን ውስጥ ነው።» እውነትም አሮጌው በሣጥን ውስጥ ነው። ያወጣውን ዕቃ ሁሉ ቀኑን በጻፈበት ካርቶን አስሮ አስቀምጦታል፤ እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ የዲናሞ ብሩሽ ልክና የፑንቲና ዓይነት ያወቅሁት ከዚያ ሣጥን ነው። የሠራውን ብቻ ሳይሆን ያየውንና ሳይሠራ የተወውንም ከነምክንያቱ ይጽፍ ነበር፤ ለተከታዩ ባለቤት ከዚህ የሚበልጥ ደግነት አይታየኝም።

ከደብተሩ የተማርሁት ትልቁ ነገር መኪናዋ ከከፍታው ጋር እንዴት እንደተስማማች ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል፤ ይህ በማስተካከል የሚመለስ አይደለም። ሊስተካከል የሚችለው የቤንዚኑ ልክ ነው። ኤስ ዩ ካርቡራተር ሞተሩ በሚስበው አየር መጠን ከፍና ዝቅ የሚል ፒስተን አለው፤ በፒስተኑ ሥር ወደ ጫፏ እየቀጠነች የምትሄድ መርፌ ቤንዚን የሚወጣበትን ቀዳዳ ታሰፋለች፣ ታጠባለች። ይህ አሠራር የአየሩን መሳሳት በከፊል ቢያካክስም ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይሸታል። ጋሼ ቀዳዳዋን ከታች ባለው ዳዶ ጥቂት ወደ ላይ እያነሣ ቤንዚኑን ቀነሰ፣ ካንዴላ እየፈታ ቀለሙን አየ፣ ውጤቱንም መዘገበ። ከዚያም በቀይ እስክሪብቶ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ፦ በደብረ ብርሃን የተስተካከለ ካርቡራተር ይዞ ሸዋ ሮቢት መውረድ ሞተሩን ያግላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራልና፣ በደጋ ልክ የሆነው ቤንዚን በቆላ ያንሳል። እኔም ወደዚያ ስወርድ ዳዶውን መልሼ እፈታለሁ፤ ቁልቁለቱንም ፍሬን ሳላሰቃይ በከባድ ማርሽ እወርዳለሁ። አንደኛው ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይንጫጫ እንዲገባ የሚያደርገው ክፍል) ስለሌለው እየሄዱ ወደ እርሱ መመለስ ጥበብ ይጠይቃል፤ በሁለተኛ መውረድ ይበቃል።

ለማቀዝቀዣውም የከፍታው ነገር ይታሰብበታል። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አለበት፤ ጎማው የደረቀ ክዳን በቆላ ከተማ የማያሳየውን ጉዳት በደጋ ያሳያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ የሚያስፈልገው ቾክ ነው። ቾኩ ሲሳብ ቀዳዳዋ ወደ ታች ስለምትወርድ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ቶሎ መመለስ ይገባል፣ አለዚያ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ሌሊቱን ሞተሯን የምንሸፍነው የከተማችን ፋብሪካ በሚሠራው የሱፍ ብርድ ልብስ ነው።

የኤም ጂ ቢ ዋና ጠላት ዝገት ነው። አካሏ ያለ ሻንሲ በላሜራ ብቻ የቆመ ስለሆነ፣ ጥንካሬዋን የምታገኘው ከበሮቹ ሥር ከሚያልፈው ሣጥን መሰል የወለል ጠርዝ ነው። በእንግሊዝ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይህን ሣጥን ከውስጥ ይበላዋል፤ ጉዳቱ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ አዲስ አካል እየተሠራ ይሸጣል። እኛ አገር መንገድ ላይ ጨው የለም፤ የደጋው አየርም ከዝናቡ ወራት በቀር ደረቅ ነው። ይሁን እንጂ በክረምት የሚገባው ጭቃ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ሥሯን በውኃ አጥበን፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፍተን፣ ሲደርቅ ዘይት እንረጭባታለን። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ በሚገኝ ጋራዥ የቀኙ ጠርዝ ተጠገነ ተብሎ በላሜራ ፋንታ በስቱኮ ተሞልቶ ተመልሶልናል። ሥራውን አንድ የደብረ ብርሃን ባቲላሜራ ስቱኮውን ቆርጦ አውጥቶ በብረት ደገመው፤ ፎቶግራፎቹ በፋይሉ ውስጥ አሉ።

በኤሌክትሪኳም በኩል አንድ ሊታወቅ የሚገባ ጠባይ አላት። ዘመኗ ቀደም ያለ በመሆኑ ከአካሏ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ባትሪዎቿም ከኋላ ወንበር ሥር የተቀመጡ ሁለት ባለ 6 ቮልት ናቸው። ይህን ያላስተዋለ ባለሙያ ገመዶቹን እንደ ሌላው መኪና ገልብጦ አስሮ የዲናሞውን መቆጣጠሪያ አቃጥሎብናል። ከዚያ ወዲህ በባትሪው ክዳን ላይ ማስጠንቀቂያው በትልቅ ጽሕፈት ተጽፎበታል።

መኪናዋ በ2003 ዓ.ም. በሊብሬ ወደ እኔ ስትዞር የቀደመኝ ጥያቄ የቤንዚኑ ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እስከ ጥር 1998 ዓ.ም. ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ትተዋል፤ ይህ ለሰው ጤና ትልቅ በረከት ነው። የዚህ ሞተር ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የላይኛው ክፍል) ግን የተሠራው እርሳሱ የቫልቩን መቀመጫ ይጠብቃል በሚል ስሌት ነው፤ ያለ እርሳስ ሲሠራ የጭስ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ይሰምጣል። ጋሼ የቫልቭ ክፍተቱ በየጊዜው እየጠበበ መሄዱን በደብተሩ አስተውሎ ጽፏል። ቴስታታውን አውርደን በቶርኖ ቤት ጠንካራ ብረት መቀመጫ አስገባንበት፤ ክፍተቱ ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ቤንዚን ከኤታኖል ጋር መደባለቅ ሲጀምር ደግሞ የቆዩትን የጎማ ቱቦዎች ሁሉ ቀየርን።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ መኪናዋን በግቢው ትተን ወጣን፤ ፋይሉን ግን ከቤተሰቡ የትምህርት ማስረጃዎች ጋር በአንድ ቦርሳ ይዤ ነበር። ስንመለስ ባለችበት አገኘናት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ታክስ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ሲታሰብ፣ ከእንግዲህ ይህን የመሰለች መኪና ልትገባ አትችልም ማለት ይቻላል። በአገር ውስጥ ያሉት ጥቂት ስለሆኑ፣ ባለቤቶቻቸው ወረቀቶቹን እንዲያሰባስቡ ከልብ እለምናለሁ፤ ደረሰኝ ጣሉ የሚላቸውንም አይስሙ።

አሁን ደብተሩን የምትጽፈው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምሕንድስና የምታጠናው የእህቴ ልጅ ናት። የሚቀጥለው ሥራ የኋላው ባልስትራ (የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ስፕሪንግ) ነው፤ የግራው ከቀኙ ዝቅ ማለቱን ለክታ መዝግባለች። በፋይሉ ያልተሞላው ክፍል ከ1964 እስከ 1971 ዓ.ም. ያለው የነጋዴው ዘመን ሲሆን፣ ከእርሱ የቀረን አንድ የጎማ ደረሰኝ ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ ነጭ ወይም ቀይ ጂ ቲ የሚነዳ ሰው ያወቀ፣ ወይም በቤተሰብ አልበም ውስጥ ፎቶግራፏን ያየ አንባቢ ቢኖር፣ ቀለሟ መቼና የት እንደተቀየረ እንድንመዘግብ ቢነግረን ታላቅ ውለታ ይሆንልናል።