«ወተት የለኝም» በምትልበት ሌሊት

በአዋላጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለዱ እናቶች አብዝቼ የሰማሁት ቃል «ወተት የለኝም» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚባለው በሁለተኛው ሌሊት፣ ጡቷ ገና ለስላሳ እንደሆነ ሕፃኑ ያለ ዕረፍት ጡት እየፈለገ ሲያለቅስ ነው። አጠገቧ ያሉት እናቷ ወይም አማቷ አንጀታቸው አልችል ብሎ ጡጦ ያዘጋጃሉ። ነገር ግን ጡት ወተት የሚሠራው በተጠባው ልክ ስለሆነ፣ ሕፃኑ ጡጦ ጠግቦ በተኛ ቁጥር በሌለ ችግር የተጀመረው ስጋት ወደ እውነተኛ የወተት ማነስ ይለወጣል።

ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችን ሳስተምር የእናት ጡት ወተት ጥቅሞችን በመዘርዘር አልጀምርም፤ ይህን ያልሰማ የለም። የምጀምረው ከሻይ ማንኪያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚጠባው እንገር ከአንድ ወይም ከሁለት የሻይ ማንኪያ እንደማይበልጥና ለዚያ ጊዜ እንደሚበቃው፣ ወተቱ በብዛት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደሆነ፣ በመጀመሪያ ወሊድ ደግሞ ጥቂት ሊዘገይ እንደሚችል እነግራቸዋለሁ። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመር፣ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት፣ እስከ 6 ወር ውኃም ቢሆን አለመጨመር የሚሉትን ምክሮች ከዚህ በኋላ ባነሣቸው በቀላሉ ይገባሉ።

አያያዙን ግን በቃል ማስተማር አይቻልም። ከአሮጌ ካልሲ የሰፋሁት ጡትና አንድ አሻንጉሊት አለኝ (አባቶች መጀመሪያ ሲያዩት መሳቃቸው አይቀርም)። ሁሉም ማለት ይቻላል አሻንጉሊቱን ሲቀበሉ ጭንቅላቱን ከኋላ ይዘው ወደ ጡቱ ይገፉታል፤ እውነተኛ ሕፃን እንዲህ ሲገፋ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እናትየዋም «ጡት ጠላ» ትላለች። እጃቸውን ወደ አንገቱና ትከሻው አወርድና አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ እንዲሆን አደርጋለሁ፤ ከዚያ እንደሚያዛጋ ሰው አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቀው አገጩን አስቀድመው ያስጠጉታል። ጫፉን ብቻ የያዘ ሕፃን ጡቱን ያቆስላል፤ ወተትም በደንብ አያገኝም። ከመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች በኋላ የሚቀጥል ሕመም ካለ ብዙ ጊዜ አያያዙ መስተካከል አለበት ማለት ነውና ጥርስን ነክሶ መቻል አይገባም።

በእውነት ወተታቸው የሚያንስ እናቶች መኖራቸውንም አልደብቅም። ለእነርሱ በባለሙያ ምክር ተጨማሪ ወተት መስጠት ነውር አይደለም፤ እኛ የጤና ባለሙያዎች በዚህ ረገድ አንዳንድ ጊዜ ንግግራችን ይከብዳል።

ትምህርቱ ሲያበቃ የምጠይቀው አስታማሚዋን ነው፤ «በሁለተኛው ሌሊት ልጁ አልተኛም ቢል ምን ያደርጋሉ?» እላለሁ። አንዲት አያት አሻንጉሊቱን እንደታቀፉ፣ «ለእናቱ ውኃ አቀብላለሁ፤ ልብሱን አውልቄ ደረቷ ላይ አስተኛዋለሁ» ብለው መለሱልኝ። ሽንቱንስ ብዬ ስጨምር፣ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ቢያንስ 6 ጊዜ መሽናት እንዳለበት፣ ከዚያ ካነሰ ወይም ለመጥባት እንኳ አልነቃ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘውት እንደሚመጡ ነገሩኝ። ልጃቸው ግን ገና ማንኪያውን እያገላበጠች ታየው ነበር።